ከደጅ ጥናት ወደ ጉብኝት

በአራት ኪሎው ቤተ መንግሥት አጥር ሥር የሚያልፍ ሰው ለረጅም ዘመን እርምጃውን ያፈጥን ነበር። ቆሞ መመልከት ጥያቄ ያስነሳል፤ ካሜራ ማውጣትማ የሚታሰብ አልነበረም። ዛሬ ከዚያው አጥር ውስጥ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ገብቶ ጥቁር ጋማ ያላቸውን አንበሶች አይቶ ይወጣል። ጥያቄው ግን ከአጥሩ እኩል ያረጀ ነው፦ ሥልጣን የሚያድርበት ቤት ለማን ይከፈታል? እስከየትኛው ክፍልስ?

ግቢው በጥንቱ ዘመን ጨርሶ ዝግ አልነበረም። አፄ ምኒልክ ከፍል ውኃ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ሲያሠሩት ለግብር የሚሆን ትልቅ አዳራሽ አብሮ ተሠርቷል፤ በየተራ እየገባ የሚበላው ሰው በሺህ ይቆጠር ነበር። ጉዳይ ያለው ደግሞ ደጅ ይጠናል፣ «አቤት!» ይላል። ቢሆንም ሰው የሚገባው ተፈቅዶለት እንጂ መብቱ ስለሆነ አይደለም። በሩን የሚከፍተው የጌታው በጎ ፈቃድ ነበር፤ ይህ ስሜት እስከ ዛሬም ከአእምሯችን የወጣ አይመስለኝም።

ለሕዝብ አገልግሎት ቀድሞ የዋለው ግን ይህ ሳይሆን ስድስት ኪሎ ያለው ገነተ ልዑል ነው፤ ያም ከደም በኋላ። በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ መኳንንቱና ሚኒስትሮቹ የተረሸኑት በዚያ ቤተ መንግሥት አረንጓዴ ሳሎን ነበር። በዓመቱ ንጉሠ ነገሥቱ ግቢውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ዛሬም እዚያው ሲሆን ጎብኚው የንጉሡን መኝታ ቤት ሳይቀር ያያል።

የአራት ኪሎው ታሪክ ከዚህ ይከብዳል። አፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ከሥልጣን ወርደው ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በቮልስዋገን ተወሰዱ። የመጨረሻ ዘመናቸውን ያሳለፉት በዚሁ በአፄ ምኒልክ ግቢ፣ በእስር ነበር፤ በነሐሴ 1967 እዚያው አረፉ። አፅማቸው በ1984 ከዚሁ ግቢ ተቆፍሮ ወጣ፤ በሥላሴ ካቴድራል በክብር ያረፈው ግን በ1993 ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ከተገደሉት ባለሥልጣናት ብዙዎቹም አስቀድመው የታሰሩት በዚህ ግቢ ምድር ቤት ነበር። ከላይ ዙፋን፣ ከታች እስር ቤት። ስለ ሥልጣን ከዚህ የበለጠ የሚናገር ሕንፃ በአገራችን አላውቅም።

መስከረም 30 ቀን 2011 ወታደሮች ከነመሣሪያቸው የደመወዝ ጭማሪ ሊጠይቁ ወደ ቤተ መንግሥቱ መጡ። እንዲህ ያለ ድንጋጤ ያየ ግቢ በሩን ይበልጥ ይዘጋል ብሎ መገመት ቀላል ነበር። ሆኖም መስከረም 29 ቀን 2012 የግቢው አንድ ክፍል «አንድነት ፓርክ» ተብሎ ተመረቀ። የመደበኛ መግቢያው 200 ብር፣ የልዩ እንግዳው 1000 ብር ነበር። በጥቅምት 2017 ደግሞ ኢዮቤልዩ፣ ማለትም ብሔራዊ ቤተ መንግሥት፣ ሙዚየም ሆኖ ለሕዝብ ተከፈተ።

አራት ኪሎ ላይ ከባዱ ነገር መንግሥት ግቢውን አለመልቀቁ ነው። የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት እዚያው ስላለ የጎብኚው መንገድ ከሥራው መንገድ መለየት፣ ፍተሻውም መጥበቅ አለበት። ይህ ጭንቀት የእኛ ብቻ አይደለም። በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ ወገኖቻችን እንደሚያውቁት፣ ከመስከረም 2001 (እ.ኤ.አ.) ጥቃት ወዲህ ዋይት ሐውስን ማየት የሚፈልግ አሜሪካዊ ከሳምንታት በፊት በኮንግረስ ተወካዩ በኩል ይጠይቃል፤ የውጭ ዜጋ በኤምባሲው በኩል። በ2013 (እ.ኤ.አ.) በበጀት ቅነሳ ምክንያት ጉብኝቱ ለወራት ቆሞ ነበር። መግቢያው ግን በነጻ ነው። እኔ ከእነሱ ብንወስድ የምለው ይህንን ነው፤ ፍተሻው ይጥበቅ፣ ክፍያው ግን ቢያንስ ለተማሪ ይቅር። የእናቱ የቀን ገቢ ከትኬት የማይተርፍ ልጅ ቤተ መንግሥቱን ከአጥር ውጭ ብቻ እንዲያውቀው መተው ፍትሕ አይደለም።

ከክፍያው ይልቅ የሚያሳስበኝ የሚነገረው ታሪክ ነው። ቀለሙ የታደሰ አዳራሽ ዓይን ይማርካል፤ እንቁላል ቤት የሚባለው ሕንፃም፣ የዙፋኑ ክፍልም እንዲሁ። ጎብኚ ደግሞ ጊዜው አጭር ስለሆነ በሚያምረው ላይ ይቆማል። አስጎብኚው ምድር ቤቱን በሁለት ዓረፍተ ነገር ካለፈው፣ ልጁ የሚወጣው የአንበሳ ፎቶ ብቻ ይዞ ነው።

መምህራን፣ ወላጆች፣ ጉብኝቱን ስታቅዱ መታወቂያ ያዙ፣ ቦርሳ አታብዙ፣ ጠዋት ሂዱ። የግቢውንም ታሪክ አስቀድማችሁ ለልጆቹ ንገሯቸው። ከዚያ ምድር ቤቱ ስትደርሱ አትቸኩሉ፤ አስጎብኚውን እነማን ታስረውበት እንደነበር ጠይቁት፣ ልጆቹም ይጠይቁት።