ዶክተር፣ የሚያመኝ ጨጓራዬ ነው ወይስ ሥራዬ?



በውስጥ መስመር ከምትልኩልኝ ጥያቄዎች መካከል አንዱ በየጊዜው ይደጋገማል፦ «ዶክተር፣ ሥራዬን ጠልቼዋለሁ፤ ጤናዬንም እየጎዳው ነው። ልልቀቅ ወይስ ልቻለው?» ጥያቄው ለሐኪም የሚቀርብ አይመስልም አይደል? እኔም ድሮ እንደዛ ነበር የሚመስለኝ። ዛሬ አንዲት ታካሚዬ ያስተማረችኝን ልንገራችሁ። ታሪኳን የምጽፈው ፈቃዷን ጠይቄ ነው፤ ማንነቷን የሚያሳውቁ ነገሮችንም ቀይሬያለሁ።

📌 ሦስት ጊዜ የመጣችው እህት

ዕድሜዋ በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ነው። ሙያዋ አካውንታንት ነው፤ የነጋዴዎችን ሒሳብ እየሠራ ግብር በሚያሳውቅ ቢሮ ውስጥ ሰባት ዓመት ሠርታለች። መጀመሪያ የመጣችው በሐምሌ ወር ነበር። «ጨጓራዬ ያቃጥለኛል» አለችኝ። የሰገራ ምርመራ አዘዝኩ፣ ኤች ፓይሎሪ ተገኘ፣ መድኃኒት ሰጠኋት፣ ሄደች።

መስከረም ላይ ተመልሳ መጣች። ያው ማቃጠል አለ፤ ራስ ምታትና እንቅልፍ ማጣት ተጨምሮበታል። በድጋሚ ስንመረምር ባክቴሪያው ጠፍቷል። የአሲድ መቀነሻ ጻፍኩላትና «ቡናና በርበሬ ቀንሺ፣ አትጨነቂ» ብዬ ሸኘኋት። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። «አትጨነቂ» ሕክምና ነው እንዴ?

በጥቅምት መጨረሻ ለሦስተኛ ጊዜ መጣች። ከስታ ነበር። ያንኑ መድኃኒት ልጽፍላት ስጀምር፣ «ዶክተር፣ ይሄን እኮ ባለፈውም ሰጥተውኛል» አለችኝ። እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ከዛ በመጀመሪያው ቀን ልጠይቃት ይገባኝ የነበረውን ጥያቄ ጠየቅኳት፦ «እሁድ ማታ ሲሆን ምን ይሰማሻል?»

ዝም አለች። ቆይታ አለቀሰች። «ከእሁድ ከሰዓት ጀምሮ ልቤ ይመታል። ሰኞ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሆኜ፣ ይሄ መኪና ተጋጭቶ ትንሽ ብጎዳ እኮ ሆስፒታል ተኝቼ አርፍ ነበር እላለሁ» አለችኝ።

ውድ ቤተሰቦች፣ ይሄ ቀልድ አይደለም። ሰው ለማረፍ ብሎ መጎዳትን ሲመኝ፣ የሚናገረው ጨጓራው ብቻ አይደለም።

📌 ሥራው ምን አደረጋት?

የግብር ሥራ ራሱ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፤ ወደውት የሚሠሩትና የሚያድጉበት ብዙዎች ናቸው። ግን ሥራው የራሱ የሆነ ጫና አለው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ከሐምሌ 1 ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ዓመታዊ የማሳወቂያ ጊዜ ነው። ያ አለፈ ሲሉ ደግሞ በየወሩ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ የሠራተኛ ደሞዝ ግብርና ጡረታ አለ። አንዱ ቀነ ገደብ ሳያልቅ ሌላው ይደርሳል። ቀኑ ካለፈ ቅጣት አለ፤ ቅጣቱ ሲመጣ «አካውንታንቷ ናት» ይባላል።

እሷን የጎዳት ግን ሰዓቱ ብቻ አልነበረም። አንዳንድ ደንበኞች ሁለት መዝገብ እንድትይዝላቸው ይፈልጋሉ፤ አንዱ እውነተኛው፣ ሌላው ለግብር የሚቀርበው። አለቃዋ «ደንበኛ እንዳይሄድብን» ይላታል። «የሚፈርሙት እነሱ ናቸው፤ ሌሊት የማይተኛው ግን እኔ ነኝ» አለችኝ። ሰው ከሕሊናው ጋር በየቀኑ እየተጣላ ሲሠራ የሚደርስበት ድካም፣ ቅዳሜ ተኝቶ በመዋል የሚጠፋ ድካም አይደለም።

📌 በርንአውት ምንድን ነው?

በአማርኛ «በሥራ ተቃጥሎ ማለቅ» ልንለው እንችላለን። ቃሉን በ1974 ወደ ሕክምናው ጽሑፍ ያስገባው ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለ፣ ኒውዮርክ ውስጥ ይሠራ የነበረ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 በ11ኛው የበሽታዎች ምደባ ላይ ትርጉም ሰጥቶታል፦ በአግባቡ ያልተያዘ፣ ለረጅም ጊዜ የቆየ የሥራ ቦታ ጭንቀት ውጤት ነው። ልብ በሉ፣ ድርጅቱ ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት አለው እንጂ በሽታ አላለውም። ሦስት መገለጫዎች አሉት፦

👉 ጉልበት መጨረስ፦ ተኝታችሁም ደክሟችሁ ትነሳላችሁ።
👉 ከሥራው መራቅ፦ ድሮ የምትጨነቁለት ነገር «የራሱ ጉዳይ» ይሆናል፤ ደንበኛው ያስጠላችኋል፤ ንግግራችሁ መራራ ይሆናል።
👉 አልችልም ማለት፦ ለዓመታት የሠራችሁትን ሥራ ዛሬ የምትሳሳቱት ይመስላችኋል፤ አንዱን ቁጥር አምስት ጊዜ ትደምራላችሁ።

ሰውነታችን አደጋ ሲያይ አድሬናሊንና ኮርቲሶል ያመነጫል። ይሄ ከሚሮጥ መኪና ለማምለጥ ጥሩ ነው። ለወራት ሲቀጥል ግን እንቅልፍ ይረበሻል፣ ደም ግፊት ይጨምራል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ጨጓራና አንጀት ይቆጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የሥራ ድርጅት በ2021 ባወጡት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዛ በላይ የሚሠሩ ሰዎች ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠሩት ጋር ሲነጻጸሩ በስትሮክ የመያዝ ዕድላቸው በ35 በመቶ፣ በልብ ደም ሥር በሽታ የመሞት ዕድላቸው ደግሞ በ17 በመቶ ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ «ሥራ አይገድልም» የሚለው አባባል ሁሌ እውነት አይደለም።

📌 መልቀቂያ ከመጻፋችሁ በፊት ተመርመሩ

ታካሚዬ ያን ቀን «በቃ ነገ እለቃለሁ» አለችኝ። እኔም «ቆይ፣ መጀመሪያ የታመመውን እንለይ» አልኳት። ምክንያቱም ተመሳሳይ የሚመስሉ ሦስት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ የአካል ሕመም። የደም ማነስ፣ የታይሮይድ ችግር፣ ስኳር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ሁሉም ያደክማሉ። ቀላል የደም ምርመራዎች ይለዩዋቸዋል። የእሷ ደህና ነበር።

ሁለተኛ፣ ድብርት። በርንአውት በአብዛኛው ከሥራ ጋር የተያያዘ ነው፤ ከሥራው ስትርቁ ቀለል ሊላችሁ ይችላል። ድብርት ግን ቤትም፣ በዓልም፣ ልጅ ሲስቅም አይለቅም። ለሁለት ሳምንትና ከዛ በላይ አብዛኛውን ቀን ማዘን ወይም በምንም ነገር ደስ አለመሰኘት፣ ከእንቅልፍና ከምግብ ፍላጎት ለውጥ፣ ራስን ከመውቀስና ሞትን ከማሰብ ጋር ከመጣ ድብርትን እንጠረጥራለን። ሁለቱ አብረው ሊመጡም ይችላሉ። ዘጠኝ ጥያቄ ያለውን የድብርት መለያ መጠይቅ ስንሞላ፣ የእሷ ውጤት ከፍተኛ ሆነ።

ሦስተኛ፣ በርንአውቱ ራሱ።

ይሄ መለየት ለምን ያስፈልጋል? ድብርት ያለበት ሰው ሥራ ቢቀይር ድብርቱን ይዞት ነው የሚሄደው። ደግሞም ድብርት የወደፊቱን ሁሉ ጨለማ አድርጎ ስለሚያሳይ፣ በዛ መነጽር የሕይወት ውሳኔ መወሰን አደገኛ ነው።

ወደ አእምሮ ሐኪም ልልካት ስል ደነገጠች፦ «አማኑኤል ሊልኩኝ ነው?» አማኑኤል እንደማንኛውም ሆስፒታል ሰው ታክሞ የሚድንበት ቦታ ነው፤ በሌሎች ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍሎች አሉ። አስረድቻት ሄደች። መድኃኒትና የምክር አገልግሎት ጀመረች፣ የሕመም ፈቃድ ወሰደች። ከሁለት ወር በኋላ ስትመጣ ፊቷ ተመልሶ ነበር። «አሁን ማሰብ እችላለሁ» አለችኝ። የጠበቅነው ይሄን ነበር።

📌 ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ ሰው መብቱን ስለማያውቅ ወይ ይታመማል፣ ወይ ተናዶ ጥሎ ይወጣል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፦

👉 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም።
👉 የአንድ ዓመት አገልግሎት ያለው ሠራተኛ 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለው፤ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል።
👉 የሕመም ፈቃድ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ሊደርስ ይችላል፦ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደሞዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ።
👉 ሥራ ለመልቀቅ የ30 ቀን ቅድመ ማስታወቂያ ያስፈልጋል።

ይሄ አዋጅ የግል ድርጅት ሠራተኞችን የሚመለከት ነው፤ የመንግሥት ሠራተኞች የራሳቸው ሕግ አላቸው።

📌 እሷ እንዴት ቀየረች?

1. የጎዳትን ነገር ለየች። ለአራት ሳምንት ማታ ማታ ሁለት መስመር ጻፈች፤ ዛሬ ያደከመኝ፣ ዛሬ ደስ ያለኝ። ውጤቱ እኔንም እሷንም አስገረመን። ቁጥር አልጠላችም! ያደከሟት የወር መጨረሻውና ሁለቱ መዝገብ ነበሩ። ደስ ያላት ደግሞ ለአንድ የሱቅ ባለቤት ወጪና ገቢ አመዘጋገብ ስታስረዳና ሲገባው ነበር። አያችሁ? ከግብር ሥራ መውጣት ማለት ሙያን መጣል ማለት አይደለም። የውስጥ ኦዲት፣ የፕሮጀክት ፋይናንስ፣ የሒሳብ ሶፍትዌር ሥልጠና ሁሉም እዛው ሙያ ውስጥ አሉ።

2. ሳትለቅ ሞከረች። ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት በአንድ ማሠልጠኛ ፒችትሪ ማስተማር ጀመረች። ከሦስት ወር በኋላ ነገሩ ሕልም ብቻ እንዳልሆነ አወቀች፤ አድካሚ ጎኑንም አየች።

3. ገንዘቡን ቆጠረች። የቤት ኪራይ፣ ለእናቷ የምትልከው፣ ትራንስፖርት፣ ምግብ። ዕቁቧ እስኪደርሳት ጠበቀች፤ ብሩ ሲደርሳት አልነካችውም። ያለ ስንቅ መንገድ መጀመር ሌላ ጭንቀት ነው የሚያመጣው።

4. ለቤተሰብ ነገረች። ይሄ ከሁሉም ከባዱ ነበር። አባቷ «በዚህ ኑሮ ውድነት ደሞዝ ያለው ሥራ ይለቀቃል እንዴ ልጄ? ሰው ምን ይላል?» አሉ። አልተጣላቻቸውም። የመድኃኒቷን ብልቃጥ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ «አባዬ፣ ይሄን የምውጠው ለምን እንደሆነ ልንገርዎት» አለቻቸው። እስከዛ ቀን መታመሟን አያውቁም ነበር።

5. በሰላም ወጣች። ማስታወቂያ ሰጠች፣ ሰነዶቹን አስረከበች፣ ክሊራንስና የሥራ ልምድ ደብዳቤዋን ይዛ ወጣች።

📌 ታዲያ አሁን ደስተኛ ናት?

እውነቱን ልንገራችሁ። ገቢዋ በሲሶ ያህል ቀንሷል። ወደ ጠበብ ያለ ቤት ገብታለች። ሐምሌ ሲመጣ አሁንም የሁለት ደንበኞችን ሒሳብ ትሠራለች፤ ሁለቱም አንድ መዝገብ ብቻ ያላቸው ናቸው። ጨጓራዋም አልፎ አልፎ ያቃጥላታል። መድኃኒቷን በሐኪሟ ምክር ቀስ በቀስ አቁማለች። ባለፈው ለክትትል ስትመጣ ያንኑ ጥያቄ ጠየቅኳት፦ «እሁድ ማታስ?» ትንሽ አሰበችና «እሁድ ማታ? ምንም። ልብስ አጥቤ ተኛሁ» አለችኝ።

እኔም ከእሷ በኋላ፣ ጨጓራ አመመኝ የሚለኝን ሰው ሁሉ ስለ ሥራው እጠይቃለሁ።

📌 መልቀቅ ለማትችሉ

ልጅ የሚያሳድግ፣ ብድር ያለበት፣ ወላጅ የሚጦር ሰው ነገ ልልቀቅ ማለት አይችልም። ይሄ ስንፍና አይደለም። ግን መሐል ላይ የሚሠራ ነገር አለ፦ የዓመት ፈቃዳችሁን ውሰዱ፤ ክፍል መቀየር ይቻል እንደሆነ ጠይቁ፤ በሳምንት አንድ ቀን ስልካችሁን ከሥራ አሳርፉ፤ በእንቅልፍ ሰዓታችሁ አትደራደሩ፤ ድካምን በጫት፣ በመጠጥ ወይም ያለ ሐኪም በሚወሰድ የእንቅልፍ ክኒን አትሸፍኑ። ከሁሉ በላይ ለአንድ የምታምኑት ሰው ተናገሩ።

⚠️ ሳትዘገዩ ወደ ሕክምና የሚያስሄዱ ምልክቶች

👉 ደረት ላይ የሚጫን፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ ሕመም
👉 ጥቁር ሰገራ ወይም ደም ማስመለስ
👉 ያለ ምክንያት መክሳት ወይም ምግብ ለመዋጥ መቸገር
👉 ራስን የመጉዳት ወይም «ባልነቃ ይሻላል» የሚል ሐሳብ። እንዲህ ከተሰማችሁ ብቻችሁን አትሁኑ፤ ለቅርብ ሰው ንገሩ፤ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ሲነገር የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ በሕክምና ይስተካከላል።

ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ ነው፤ ሐኪም ፊት ለፊት የሚያደርገውን ምርመራ አይተካም። የምትወስዱት መድኃኒት ካለም ራሳችሁ አታቋርጡ።

ሐምሌ ሲመጣ የሚጠፋባችሁ፣ ስልክ የማያነሳ፣ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» የሚል ጓደኛ ካላችሁ ይሄን አጋሩት። ከዛም ደውሉና «እሁድ ማታ ምን ይሰማሃል? ምን ይሰማሻል?» በሉ። መልሱን ሳታቋርጡ ስሙ።

ጤና ይብዛላችሁ!