ምስክር የሌለው ጽሑፍ

«ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» የሚለውን ተረት የማያውቅ ሰው በአገራችን የለም። ነገር ግን ልጆቻችን በከፍተኛ ትምህርት ቤት ሳሉ የሚጽፉትን ጽሑፍ ስንመለከት፥ ይህን ምክር በአፍ የሚናገረው ብዙ፥ በሥራ የሚፈጽመው ግን ጥቂት ሆኖ አገኘነው። ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን፥ አንድ ተማሪ ለጽሑፉ የሚሆነውን ማስረጃ እንዴት እንደሚሰበስብና እንዴት እንደሚያሰናዳ፥ ወላጆቹም በምን ሊረዱት እንደሚችሉ ለመግለጽ አሰብን።

ምሳሌያችንን ከመካነ ኢየሱስ እንጀምራለን። ይህች የእስቴ ከተማ ያለችበት አገር፥ ከጋይንትና ከስማዳ ጋራ፥ ከጥንት ጀምሮ የትምህርት አገር ነው። ድጓ የሚመሰከርበት ቤተ ልሔም፥ ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከርበት ዙር አምባ የሚገኙት በዚያው በኩል ነው። ድጓ የተማረ ሰው «ዐውቄአለሁ» በማለቱ ብቻ መምህር አይባልም። ወደ ቤተ ልሔም ሄዶ፥ በመምህሩ ፊት ተፈትኖ፥ አስመስክሮ ሲመለስ ነው የሚታመነው። «ከማን ተማርህ?» ተብሎ ሲጠየቅም የመምህሩን ስም ይጠራል እንጂ «ከራሴ አገኘሁት» አይልም። የኮሌጅ ጽሑፍም ሕጉ ይኸው ነው። ጸሓፊው ለተናገረው ነገር ሁሉ ምስክሩን መጥራት አለበት።

ይህን የምንናገረው ሌላውን ለመንቀፍ ብቻ አይደለም፤ እኛም በተማሪነታችን ዘመን በዚሁ ነገር ተሰናክለናል። በመካነ ኢየሱስ አንድ ሽማግሌ፥ አያታቸው ስለ አፄ ቴዎድሮስ የመጨረሻ ጉዞ የነገሯቸውን በሰፊው አጫወቱን። እኛም ቃላቸውን በአንድ ፖስታ ጀርባ ላይ ቸኵለን ጻፍን፤ ስማቸውን፥ መንደራቸውን፥ የተናገሩበትን ቀን ግን አልጻፍንም። ጽሑፋችንን ባቀረብን ጊዜ መምህራችን «ይህን ያለው ማን ነው? መቼስ ነገራችሁ?» ብለው ጠየቁን፤ የምንመልሰው አጣን። ወደ አገሩ ተመልሰን ቤታቸውን አፈላልገን ብንደርስ ሽማግሌው ዐርፈዋል። ልጃቸው «አባቴማ ‹ያ ቃሌ ታተመ ወይ?› እያሉ ይጠይቁኝ ነበር» አለችን። ከጽሑፋችን ሁሉ የሚሻለውን ገጽ በገዛ እጃችን ሰረዝነው። የዚያ ሽማግሌ ቃል የጠፋው በእኛ ስንፍና ነው።

እንግዲህ ሥራው ከምን ይጀምራል? አስቀድሞ ጥያቄን ከማጥበብ ነው። «የአፄ ቴዎድሮስ ታሪክ» ብሎ የሚነሣ ተማሪ ባሕርን በጭልፋ ሊቀዳ እንደሚሞክር ሰው ነው። «በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ አፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲሄዱ በጋይንት በኩል እንዴት አለፉ?» ብሎ የጠየቀ ግን ምን እንደሚፈልግ ያውቃል። በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖል የሚባለውን ታላቅ መድፍ ሠራዊቱ እየጎተተ፥ መንገዱን እየጠረገ፥ በጨጨሆ አልፎ፥ ዋድላንና ደላንታን ተሻግሮ፥ የበሽሎን ገደል ወርዶ ወጥቶ መቅደላ አድርሶታል። መድፉ እስከ ዛሬ በአምባው ላይ ይታያል።

ሁለተኛው ሥራ ምስክሮቹን መመዘን ነው። በዚያ ዘመን ስለ ንጉሡ ብዙ ሰው ጽፎአል፤ ሁሉም ግን ለዚህ ጥያቄ እኩል አይመሰክርም። የደብተራ ዘነብን ታሪክ ሊትማን የሚባል የጀርመን ሊቅ በ1902 በአውሮፓ አቈጣጠር አሳትሞታል፤ ነገር ግን የዘነብ መጽሐፍ እስከ ንጉሡ ዘመን መጨረሻ አይደርስም። ስለዚህ ስለ ጉዞው ከእርሱ መጠየቅ ከንቱ ድካም ነው። የአለቃ ወልደ ማርያም ታሪክ ግን እስከ መጨረሻው ይደርሳል፤ እርሱም በ1904 በአውሮፓ አቈጣጠር በፓሪስ ታትሞአል። ከውጭ አገር ሰዎችም ሆርሙዝድ ራሳም በ1869 ያሳተመው መጽሐፍ አለ፤ ዳሩ ግን ራሳም በዚያን ጊዜ በመቅደላ ታስሮ ነበርና የጉዞውን ወሬ ሰማ እንጂ ጉዞውን በዓይኑ አላየም። ከጋፋት ሠራተኞች አንዱ የነበረው ዋልድማየር ግን ከንጉሡ ሰፈር ጋራ ተጕዞአል። እንግዲህ ያየውን ከሰማው፥ በጊዜው የጻፈውን ከብዙ ዘመን በኋላ ከጻፈው፥ የንጉሡን ወዳጅ ከታሰረው ሰው መለየት የተማሪው ፈንታ ነው። ዳኛ ሁሉንም ምስክር ይሰማል፤ የሁሉንም ቃል ግን በአንድ ሚዛን አይቀበልም።

ሦስተኛው፥ ብዙዎችን የሚያሳስተው፥ የዘመን አቈጣጠር ነገር ነው። ጉዞው የተጀመረው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1867 መጸው ነው። ንጉሡ ያረፉት ደግሞ በ1868 በሚያዝያ ወር ነው። በእኛ አቈጣጠር ግን ሁለቱም በ1860 ዓ.ም. ናቸው፤ ያረፉትም ሚያዝያ 6 ቀን ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ልዩነቱ ሰባት፥ ከዚያ በኋላ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ስምንት ዓመት መሆኑን ያላስተዋለ ተማሪ፥ ከ1867 ስምንት ቀንሶ ጉዞውን በ1859 ያደርገዋል። ስለዚህ ቀኑን እንደ ተጻፈ መገልበጥ፥ በአጠገቡም በማን አቈጣጠር እንደ ሆነ መጻፍ ይገባል።

አራተኛው የወረቀቱ አሰናዳድ ነው። ለእያንዳንዱ ነገር አንዳንድ ትንሽ ወረቀት ይያዝ፤ በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ነገር አይጻፍ። በራስጌው የጸሓፊው ስም፥ የመጽሐፉ ስም፥ የታተመበት አገርና ዘመን፥ ገጹም ይጻፍ። ቃል በቃል የተገለበጠው በትእምርተ ጥቅስ ይታጠር፤ ተማሪው በራሱ አነጋገር ያሳጠረው ግን ያለ ጥቅስ ይጻፍ፤ የራሱ አሳብም «የእኔ» ተብሎ ይለይ። ይህ ካልሆነ ከወር በኋላ የሌላው ቃል የራሱ ቃል ይመስለዋል፤ ሳያስበውም የሰው ገንዘብ የወሰደ ይሆናል። በእጅ ስልኩ የመጽሐፍ ገጽ ፎቶግራፍ የሚያነሣም የመጽሐፉን መጀመሪያ ገጽ አብሮ ያንሣ፤ የባለቤቱ ስም የማይታወቅ ፎቶግራፍ እንደ እኛ ፖስታ ጀርባ ነውና። ወረቀቶቹ ከበዙ በኋላ በጥያቄው ክፍሎች ይደርደሩ፤ ባዶ የሆነው ክፍል ገና የሚፈለገውን ራሱ ያመለክታል።

ሁለት ምስክሮች ቢጣሉስ? የአገራችን የአንድምታ መምህራን መንገዱን አሳይተውናል። አንዱን ትርጓሜ ካወጡ በኋላ «አንድም» ብለው ሁለተኛውን ያስከትላሉ እንጂ የማይስማማቸውን አያጠፉም። ተማሪውም ሁለቱን ቃል ጎን ለጎን ያስቀምጥ፤ ከዚያ በኋላ የትኛውን እንደ ተቀበለና ስለ ምን እንደ ተቀበለው ይናገር።

መጻሕፍቱ የት ይገኛሉ ለሚል፥ በአዲስ አበባ በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር አለ፤ በስድስት ኪሎም በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም አለ። መጻሕፍትን መቍጠርና መመዝገብም ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በኢትዮጵያ የሚገኙትን መጻሕፍት ቍጥር በ1904 ዓ.ም. አሳትመው ነበር። ከመቅደላ ተወስደው ዛሬ በለንደን ያሉት የብራና መጻሕፍትም ዝርዝር በ1877 በአውሮፓ አቈጣጠር ታትሞአል። ተማሪ ከመጽሐፍ አስቀድሞ ዝርዝሩን ይመልከት።

በመጨረሻ ቃላችን ለወላጆች ነው። ልጃችሁ ይህን ሥራ ሲሠራ በገንዘብ ብቻ የምትረዱት አይምሰላችሁ። በቤታችሁ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ደብዳቤ፥ የርስት ክርክር ወረቀት፥ በደብራችሁ ወንጌል ኅዳግ ላይ የተጻፈ የጉልት ውል ታላቅ ምስክር ነው። ዶናልድ ክራሚ የሚባለው የታሪክ ሊቅ በ2000 በአውሮፓ አቈጣጠር ስለ አገራችን መሬትና ማኅበር ያሳተመው መጽሐፍ በእንዲህ ያሉት ጽሑፎች ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ አሮጌ ወረቀትን ለዕቃ መጠቅለያ አታድርጉ። ቄሰ ገበዙን አስፈቅዳችሁ ለልጁ መንገድ ክፈቱለት። አያቱ ሲናገሩም ልጁ አጠገባቸው ተቀምጦ ስማቸውን፥ ዕድሜያቸውን፥ መንደራቸውን፥ ከማን እንደ ሰሙት፥ ቀኑንም ይጻፍ፤ የጻፈውንም መልሶ ያንብብላቸው፤ የተሳተውን ያርሙለታል።

«በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። እኛ ደግሞ በደረሰብን ጥፋት ተምረን አንድ ነገር እንጨምራለን፤ በጽሑፍ ያለውም የሚወረሰው ባለቤቱ ሲታወቅ ነው። በመካነ ኢየሱስም ሆነ በሌላ ስፍራ ዛሬ ማታ በእሳት ዳር የሚናገሩ ሽማግሌ አሉ። ብዕርና ወረቀት ይዞ «አባቴ፥ ስምዎን ልጻፍ» የሚል ልጅ ከቤታችሁ ይነሣ።