ለማሲንቆ የሚሆን አዳራሽ

በኮሌጆቻችን ግቢ አዳራሽ አልጠፋም፤ የጠፋው ሙዚቃ የሚደመጥበት ነው። «ሁለገብ» የሚባለው ቤት ጠዋት ስብሰባ፣ ከሰዓት ፈተና፣ ማታ የምረቃ ዋዜማ ያስተናግዳል። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ልስን ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ማሲንቆ የያዘው ልጅ የፈረስ ጭራውን ክር መገዝገዝ ሲጀምር ድምፁ ሦስተኛው ረድፍ ሳይደርስ ይድበሰበስና ማይክ ይቀርብለታል። ከዚያ ወዲያ የምንሰማው ስፒከሩን ነው።

ዩኒቨርሲቲና የአገር ሙዚቃ ከተዋወቁ ቆይተዋል። ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1963 ሲቋቋም ማሲንቆን፣ ክራርን፣ ዋሽንትንና በገናን በአንድ መድረክ ያሰባሰበው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኪነ ጥበብ ማዕከል ነበር። ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤትም በቡልጋሪያ መንግሥት ድጋፍ የራሱን ሕንፃ አገኘ። ሁለቱም የሆኑት ግን አዲስ አበባ ነው።

የአዳራሽ ችግር የድሃ አገር ብቻ አይደለም። የአሜሪካው ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አዲስ ባስገነባው የፎግ ሙዚየም አዳራሽ የመምህሩ ቃል ከ5 ሰከንድ በላይ እያስተጋባ ተማሪ አላስደምጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ1895 ዋላስ ሳቢን የተባለ ወጣት የፊዚክስ መምህር ከጎረቤት ቲያትር የወንበር ትራስ እያስመጣ፣ ከተማው ጸጥ ሲል ሌሊት ሌሊት እየለካ፣ ምን ያህል ትራስ ስንት ሰከንድ እንደሚቀንስ ደረሰበት። የሕንፃ ድምፅ ሳይንስ የተጀመረው ከዚያ ነው። ለንግግር 1 ሰከንድ ገደማ ማስተጋባት ይበቃል፤ ኦርኬስትራ ግን ወደ 2 ሰከንድ ይፈልጋል። «ሁለገብ» የሚለው ቃል የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው።

በጎጃም፣ ከቢቸና በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ በሚያደርሰው መንገድ ግራና ቀኝ ግን ለዜማ የሚሆን ቤት እንግዳ ነገር አይደለም። በክቡ ቤተ ክርስቲያን የውጨኛው ክፍል ስሙ ራሱ ቅኔ ማኅሌት ነው። አንዱ ይመራል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ከበሮው፣ ጸናጽሉና መቋሚያው ተራቸውን ጠብቀው ይገባሉ፤ ዜማው ሲረዝም የሚያርፍበት ቦታ አለው። ምንጣፉ፣ እንጨቱና የቆመው ሕዝብ ድምፅ ይመጥጣሉ። የቀደሙት መሪጌቶች ሰከንድ ሳይቆጥሩ ቤቱን በጆሯቸው ያውቁት ነበር።

እንግዲህ በዚህ አገር ኮሌጅ የሙዚቃ አዳራሽ ልሥራ ሲል፣ የዲዛይን ውሉ ላይ ለድምፅ ባለሙያ አንድ መስመር ያስገባ። የሚከፈትና የሚዘጋ ወፍራም መጋረጃ፣ በግድግዳው ላይ የተበሳ የእንጨት ልባጥ፣ በቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን የዝናብ ድምፅ የሚያፍን ኮርኒስ፤ እነዚህ ከሴራሚኩና ከመስታወቱ በፊት ይገዙ። ኮንክሪቱ ሳይሞላም አርክቴክቱ አንድ እሑድ ማለዳ ማኅሌት ቆሞ ይስማ።