ስክሪኑ ሳያረጅ ሶፍትዌሩ ሲያረጅ

ስማርት ቴሌቪዥን ሊገዛ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ኢንቹን ነው፤ ቀጥሎ ፎርኬ መሆን አለመሆኑን፣ ከዚያ ዋጋውን። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ቢነሳ እንኳ ብዙ ጊዜ «አንድሮይድ ነው» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። ገዢው ግን ለሚቀጥሉት ዓመታት በየማታው ሪሞት አንስቶ የሚገናኘው ከዚሁ ሶፍትዌር ጋር ነው። ስክሪን በደህና ከተያዘ አሥር ዓመት ሊያገለግል ይችላል። ውስጡ ያለው ሶፍትዌር ግን አምራቹ ማደሱን ባቆመ ማግስት ማርጀት ይጀምራል፤ ሶፍትዌሩ ሲያረጅ ደግሞ ጤናማው ስክሪን አብሮት ጡረታ ይወጣል። ስለዚህ ስማርት ቴሌቪዥን በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሲመረጥ ቀዳሚው መለኪያ የአፕ ብዛት ወይም የገጹ ማማር ሊሆን አይገባም። መጠየቅ ያለበት ይህን ሶፍትዌር የሚያድሰው ማን ነው፣ ለስንት ዓመትስ ቃል ገብቷል የሚለው ነው።

ኦፐሬቲንግ ሲስተም በቴሌቪዥኑ ቺፕና በተመልካቹ መካከል ሆኖ ሥራውን ሁሉ የሚያቀናጅ ሶፍትዌር ነው። ሪሞቱ ሲጫን የሚሰማው፣ ዋይፋዩን የሚያገናኘው፣ ዩቲዩብን የሚከፍተውና ታምቆ የመጣውን ቪዲዮ ወደ ምስል እንዲመልስ ለቺፑ የሚያቀብለው እሱ ነው። ዛሬ ገበያውን የያዙት ጥቂት ናቸው፦ የሳምሰንግ ታይዘን፣ የኤልጂ ዌብኦኤስ፣ ሶኒና ቲሲኤልን ጨምሮ ብዙ አምራቾች የሚጠቀሙበት ጉግል ቲቪ፣ በሃይሴንስ ቴሌቪዥኖች ላይ የሚታወቀው ቪዳ፣ በአሜሪካ የተስፋፉት ሮኩና የአማዞን ፋየር ቲቪ። ከእነዚህ የዌብኦኤስ ታሪክ ለነገሬ ጥሩ ማስረጃ ነው። ፓልም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2009 ለስልክ ሠራው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ2010 ኤችፒ ፓልምን በ1.2 ቢሊዮን ዶላር ገዛና በ2011 ሐምሌ አካባቢ በዚሁ ሶፍትዌር የሚሠራ ታብሌት ለገበያ አቀረበ፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ምርቱን አቆመ። ታብሌቱ አልተሰበረም፣ ስክሪኑም አልጠቆረም። የጠፋው ሶፍትዌሩን ሊያሳድግ የሚፈልግ ባለቤት ነበር። በ2013 ኤልጂ ሲገዛው ያው ሶፍትዌር በቴሌቪዥን ላይ ነፍስ ዘራ፤ ይኸው ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ያው አንድ ሥራ በአንዱ እጅ ሞቶ በሌላው እጅ የኖረው ባለቤቱ ጥቅሙን እዚያ ላይ ስላየ ነው።

ሶፍትዌር እንደ ብረት አይዝግም፤ የሚያረጀው ዙሪያው ስለሚለወጥ ነው። በ2015 ሚያዝያ ወር ጉግል ዩቲዩብ ከመሣሪያዎች ጋር ይነጋገርበት የነበረውን አሮጌ መንገድ ዘጋ፤ በ2012ና ከዚያ በፊት በተሠሩ ብዙ ቴሌቪዥኖች ላይ የነበረው የዩቲዩብ አፕ በዚያው መሥራቱን አቆመ። በ2019 መጨረሻ ደግሞ ኔትፍሊክስ በ2010ና በ2011 ለተሠሩ አንዳንድ የሳምሰንግ ቴሌቪዥኖች አገልግሎቱን አቋረጠ። ባለንብረቶቹ ቴሌቪዥናቸውን ምንም አላደረጉትም። የተለወጠው ማዶ ያለው ሰርቨር፣ ፊልሙ እንዳይቀዳ የሚጠብቀው የቁልፍ አሠራርና አዲሶቹ አፖች የሚፈልጉት የማስታወሻ መጠን ነው። የመጨረሻው ቀስ ብሎ የሚገድል ስለሆነ ልብ አይባልም። ብዙ ቴሌቪዥኖች የሚሸጡት ከ1 እስከ 2 ጊጋባይት ማስታወሻ (ራም) ይዘው ነው፤ ይህ ከተራ ስልክ እንኳ ያነሰ ነው። አፖቹ በየዓመቱ እየከበዱ ሲሄዱ ራሙ ግን ባለበት ይቀራል። መጀመሪያ ሪሞቱ ተጭኖ ስክሪኑ ላይ ያለችው ምልክት እስክትንቀሳቀስ መጠበቅ ይመጣል፣ ከዚያ ከአንዱ አፕ ወደ ሌላው ሲሻገሩ የመጀመሪያው ራሱን መዝጋት ይጀምራል፣ በመጨረሻ ቤተሰቡ «ቲቪው አርጅቷል» ይላል። በዋጋ ተቀራራቢ በሆኑ ሁለት ቴሌቪዥኖች መካከል ራሙ የበለጠውን መምረጥ፣ አንድ ጥሩ ስፒከር ከመጨመር ይበልጥ ዕድሜ ይገዛል።

አምራቾች ራሳቸው ይህን መረዳታቸውን ያሳዩት በቅርቡ ነው። ኤልጂ በ2024 መጀመሪያ ለተመረጡ ሞዴሎቹ በ5 ዓመት ውስጥ 4 ጊዜ አዲስ የዌብኦኤስ እትም እንደሚሰጥ አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሳምሰንግ ከ2024 ሞዴሎች ጀምሮ ታይዘንን ለ7 ዓመት እንደሚያድስ ቃል ገባ። በብሪታንያ ደግሞ በ2024 ሚያዝያ ሥራ ላይ የዋለው ሕግ፣ ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኝ ዕቃ የሚሸጥ አምራች ቢያንስ እስከ መቼ የደኅንነት ማሻሻያ እንደሚሰጥ በግልጽ እንዲናገር ያስገድዳል። ይህ ሕግ እኛን አይመለከትም፤ ነገር ግን ብሪታንያ ውስጥ የሚሸጥ ሞዴል የማሻሻያ ጊዜው በይፋ ስለሚጻፍ፣ ሞዴሉን ስሙን ጠርቶ ኢንተርኔት ላይ መፈለግ ለአዲስ አበባ ገዢም ይጠቅማል። ጉግል ቲቪ ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። ጉግል አዲስ እትም ያወጣል፣ የቺፑ ሠሪ ከቺፑ ጋር ያስማማዋል፣ የቴሌቪዥኑ አምራች ሞክሮ ይለቃል፤ ከሦስቱ አንዱ ቢደክም ማሻሻያው እዚያው ይቀራል። ሳምሰንግና ኤልጂ በራሳቸው ቴሌቪዥን ላይ ሶፍትዌሩንም ዕቃውንም ራሳቸው ስለያዙ ሰንሰለቱ ያጥራል። በአፕ ብዛት ጉግል ቲቪ ይበልጣል፣ ይህን አልክድም። ግን ቴሌቪዥኑን ስምንትና ዘጠኝ ዓመት ሊጠቀምበት ለሚገዛ ቤተሰብ፣ ማሻሻያው የተረጋገጠ መካከለኛ ታይዘን ወይም ዌብኦኤስ፣ ስሙ ካልታወቀ አምራች ከመጣ ጉግል ቲቪ ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ።

«አንድሮይድ ነው» የሚለው ቃል ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ነውና። የአንድሮይድ መሠረታዊ ኮድ ለማንም ክፍት ነው። ማንኛውም ፋብሪካ ወስዶ፣ ጉግልን ሳያስፈቅድ፣ ቴሌቪዥን ወይም ቦክስ ላይ ሊጭነው ይችላል። ካርቶኑ ላይ «አንድሮይድ» ብሎ ቢጽፍ አልዋሸም፤ ነገር ግን ጉግል መርምሮ የፈቀደው አንድሮይድ ቲቪ ወይም ጉግል ቲቪ አይደለም። ልዩነቱ ሁለት ቦታ ይታያል። አንደኛ፣ የፊልም አገልግሎቶች ያልተፈቀደ መሣሪያን ስለማያምኑ፣ ስክሪኑ ፎርኬ ቢሆንም ምስሉ ዝቅ ባለ ጥራት ይመጣል፣ ወይም አፑ ጭራሽ አይጫንም። ሁለተኛው የባሰ ነው። በ2025 ሰኔ አካባቢ የአሜሪካው ኤፍቢአይ ባድቦክስ 2.0 ስለተባለ የተንኮል ሶፍትዌር አስጠነቀቀ፤ ጉግልም በቀጣዩ ወር ከጀርባው ያሉትን ሰዎች ሲከስ፣ ፈቃድ የሌላቸው ከ10 ሚሊዮን በላይ የአንድሮይድ መሣሪያዎች መበከላቸውን ገለጸ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ርካሽ የቴሌቪዥን ቦክሶች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ገና ከካርቶናቸው ሳይወጡ ተበክለው የነበሩ ናቸው። የቤቱን ኢንተርኔት ለማያውቁት ሰው ማጭበርበሪያ ያከራያሉ፣ ባለቤቱ የሚያየው ግን ዋይፋዩ መዝገሙን ብቻ ነው። ሱቅ ውስጥ ለማጣራት ብዙ ዕውቀት አይጠይቅም። ቴሌቪዥኑ ይከፈት፣ ሴቲንግ ውስጥ ተገብቶ ስለ መሣሪያው የሚገልጸው ገጽ ይታይ፤ እዚያ የደኅንነት ማሻሻያው ቀን ተጽፏል። ቀኑ ሁለትና ሦስት ዓመት ካለፈው፣ ዕቃው አዲስ ቢሆንም ሶፍትዌሩ ተጥሏል ማለት ነው። የጉግል ፕሌይ ስቶር ከሌለና በምትኩ የማይታወቅ የአፕ መደብር ከተቀመጠ ግዢውን መተው ይሻላል።

ሁሉም ዩቲዩብና ኔትፍሊክስ አላቸው፤ ታዲያ ለምስሉ ጥራት ብቻ ብንከፍልስ? የሚለው ተቃውሞ ክብደት አለው። ምስሉን የሚሠራው ስክሪኑ ነው፤ የሶፍትዌር ቃል ኪዳናቸው እኩል ከሆነ ስክሪኑ ያማረውን መግዛት ትክክል ነው። ግን ስሙ አንድ የሆነ አፕ በሁለት ቴሌቪዥን ላይ አንድ ዓይነት ሥራ አይሠራም። ቪዲዮ በኢንተርኔት የሚመጣው ታምቆ ነው፣ የማመቂያው ዘዴም ይሻሻላል። በ2018 የወጣው ኤቪ1 የተባለው ዘዴ ተመሳሳይ ጥራት ያለውን ቪዲዮ ከቀዳሚዎቹ ባነሰ ዳታ ያስተላልፋል፤ ኔትፍሊክስም በ2021 መጨረሻ ላይ ወደ ቴሌቪዥን አምጥቶታል። ቺፑ ኤቪ1ን የማይፈታ ቴሌቪዥን ግን በአሮጌው ዘዴ ይቀጥላል፣ ይህን በኋላ የሚመጣ የሶፍትዌር ማሻሻያ አያስተካክለውም። ኔትፍሊክስ ራሱ እንደሚገልጸው ኤችዲ በሰዓት እስከ 3 ጊጋባይት፣ ፎርኬ እስከ 7 ጊጋባይት ይበላል። በሞባይል ጥቅል ዋይፋይ እየከፈተ ለሚያይ ቤተሰብ ይህ ከኪስ የሚወጣ ገንዘብ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከአገራችን ሁኔታ የሚነሳ ነው፦ አብዛኛው ሰው የሚያየው በዲሽ ነው፤ የኢትዮጵያ ጣቢያዎች በኢትዮሳት በኩል ከኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ በነፃ ይገባሉ፣ ስማርቱ ምን ያደርጋል? በእርግጥም ዲሽ ብቻ ለሚያይ ቤት ለኦፐሬቲንግ ሲስተም ተጨማሪ ብር መክፈል አያስፈልግም፤ የሳተላይት መቀበያ በውስጡ ያለው ተራ ቴሌቪዥን ሪሲቨሩን ያስቀርለታል። ሆኖም ጣቢያዎቹ ራሳቸው ዝግጅታቸውን ዩቲዩብ ላይ ስለሚጭኑ፣ ያመለጠውን ድራማ ወይም ቃለ መጠይቅ በፈለገው ሰዓት ማየት የለመደ ሰው ወደ ዲሹ ብቻ አይመለስም። ለእንዲህ ያለው ተመልካች አንድ ቀላል ፈተና አለ። ሱቁ ውስጥ ዩቲዩብ ተከፍቶ የአማርኛ ርዕስ ያለው ቪዲዮ ይፈለግ፤ ፊደሉ በባዶ ሳጥን ከተተካ ሶፍትዌሩ የግዕዝ ፊደል አልተጫነለትም። ይህን ቸል የሚል አምራች ለእኛ ገበያ ሌላ ነገር ያሻሽላል ብሎ መጠበቅ ይከብደኛል።

ከውጭ ቴሌቪዥን ለቤተሰብ የሚልኩ ወገኖችም ስለ ሶፍትዌሩ ማሰብ አለባቸው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ቴሌቪዥን የአየር መቀበያው የዚያ አገር ደረጃ ነው፣ በአብዛኛውም የሳተላይት መቀበያ የለውም፤ አንዳንዱ የሚሠራው በ120 ቮልት ብቻ ስለሆነ ከጀርባው የተለጠፈውን ማንበብ ግድ ነው። ሮኩ ደግሞ ኢትዮጵያን ከአገልግሎት አገሮቹ ስላልቆጠረ፣ ስልሳ አምስት ኢንቹ ደርሶ አፖቹ የማይታዘዙበት አጋጣሚ ይፈጠራል። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚመጣው በኤሌክትሪኩም በመቀበያውም ለእኛ ይቀርባል።

ከሁሉም የሚጠነክረው ተቃውሞ ይህ ነው፦ ሶፍትዌሩ ቢያረጅ ኤችዲኤምአይ ላይ የራሱ ሶፍትዌር ያለው ትንሽ ስቲክ ሰክቶ መገላገል ይቻላል። እውነት ነው፣ ላረጀ ቴሌቪዥን የምመክረውም ይህንኑ ነው። ነገር ግን የነባሩ ሶፍትዌር ሥራ በዚህ አያበቃም። በ2024 የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን ጨምሮ የሦስት ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች የሳምሰንግና የኤልጂ ቴሌቪዥኖችን ፈትሸው፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን ምስል እየለየ ለኩባንያው የሚያሳውቀው ዘዴ ቴሌቪዥኑ በኤችዲኤምአይ ለተሰካ መሣሪያ ስክሪንነት ብቻ ሲያገለግልም እንደሚሠራ አሳይተዋል። አምራቾች ለዚህ መረጃ የሚጓጉበት ምክንያት ከሒሳባቸው ይነበባል። ቪዚዮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2021 ሦስተኛ ሩብ ዓመት ከማስታወቂያና ከመረጃ ያገኘው ጥቅል ትርፍ ቴሌቪዥን ከመሸጥ ካገኘው ከሁለት እጥፍ በላይ ነበር፤ ከዚያ ቀደም ብሎ በ2017 የ11 ሚሊዮን ቴሌቪዥኖችን ተመልካቾች ሳያስፈቅድ ተከታትሏል ተብሎ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። አንዳንዱ ሰው «የማየው ድራማ ነው፣ ምን እደብቃለሁ» ይላል። መልሱ ገንዘቡን ከፍሎ በገዛው ዕቃ ላይ ማን ምን እንደሚያደርግ የመወሰን መብት የገዢው ነው የሚል ነው፤ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ምንም ያልተጠየቁ ልጆችም አሉ። ያው ጥናት አንድ ጠቃሚ ነገር አግኝቷል፦ ተመልካቹ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ፈቃዱን ሲነሳ መረጃው መሄዱን አቁሟል። ማብሪያና ማጥፊያው በሳምሰንግ ስለ ዕይታ መረጃ በሚናገረው ፈቃድ ሥር፣ በኤልጂ ላይቭ ፕላስ በሚለው ስም ይገኛል፤ ቴሌቪዥኑ በመጀመሪያ ሲከፈት ሁሉንም «እስማማለሁ» ከማለት በፊት እነዚህን ሁለት ቦታዎች መፈለግ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይፈጅም።