ለሐኪምነት የሚጻፍ ማመልከቻ

በአገራችን አንድ ልጅ ዐሥረኛ ክፍል ደርሶ በሒሳብና በባዮሎጂ ደኅና ነጥብ ያመጣ እንደ ሆነ፥ እናቱ «ዶክተሬ» ብላ መጥራት ትጀምራለች። ጎረቤቱም ስሙን ይቀበላታል። ቡና ሲፈላ ጉልበታቸውን የሚቆረጥማቸው ባልቴት ልጁን ጠርተው «እስቲ ዶክተር፥ ይህ ነገር ምንድን ነው?» ይሉታል። ልጁ ያፍራል፤ ስሙ ግን ይጥመዋል። ከዚያ ወዲያ በእርግጥ ሐኪም መሆን ይፈልግ እንደ ሆነ የሚጠይቀው ሰው አይገኝም፤ ነገሩ ያለቀለት ጉዳይ ሆኗልና።

ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን እንደዚህ ያለ አንድ የሰፈራችን ልጅ ነው። የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው። አንድ ቀን ማታ ከሥራ ስንመለስ በራችን ላይ ቆሞ አገኘነውና «ጋሼ፥ አንድ ወረቀት እንዲያዩልኝ ነበር» አለን። (ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ገና ሁለት ዓመት አልሞላንም፤ «ጋሼ» መባሉን ግን በዝምታ ተቀበልነው።) ወረቀቱ ወደ ውጭ አገር ሄዶ ሕክምና ለመማር የሚልከው የማመልከቻ ደብዳቤ ኖሯል። «ከሕፃንነቴ ጀምሮ የሰውን ልጅ በሙሉ ለማገልገል ጥልቅ ምኞት ስላለኝ» ብሎ ይጀምርና እስከ መጨረሻው በዚሁ ዓይነት ይሄዳል። አንድም የተሳሳተ ነገር የለበትም። ስሙን ፍቀን የሌላ ልጅ ስም ብንጽፍበትም አንድም የተሳሳተ ነገር አይኖርበትም።

ወደ ደብዳቤው ከመመለሳችን በፊት ስለ ነጥብ ጥቂት መናገር ይገባናል፤ ያለ ነጥብ ደብዳቤውን የሚያነብ የለምና። የመልቀቂያው ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን፥ ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት ተፈታኞች ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ሆኑ። ይህን ወንፊት ያለፈ ተማሪ ሁሉ ሕክምና አይገባም። በመጀመሪያው ዓመት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት የሚያመጣው ውጤት ደግሞ ይጠብቀዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ አመልካቾቹን በራሱ መግቢያ ፈተና ይመዝናል።

እዚህ ላይ ብዙ ብርቱ ተማሪዎች የሚሰናከሉበትን አንድ ነገር ብንጠቁም መልካም ነው። የመጀመሪያው ዓመት ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ እንደ ገና ሲመለስ፥ ከፊዚክስና ከባዮሎጂ ጋር ሎጂክ፥ ሥነ ልቡና፥ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፥ የእንግሊዝኛ ንግግርና ጽሕፈት፥ የሰውነት ማጎልመሻ ሳይቀር አብረው ገቡ። ሐኪም እሆናለሁ የሚለው ልጅ እነዚህን ይንቃቸዋል። አንዲት የምናውቃት ልጅ በባዮሎጂ «ኤ» አምጥታ በጂኦግራፊና በሎጂክ «ሲ» ስላገኘች፥ አማካይ ውጤቷ ለሕክምና ሳይበቃ ቀረና ሁለተኛ ምርጫዋ ወደ ሆነው ወደ ፋርማሲ ተመደበች። (ዛሬ በፋርማሲው ደስተኛ ናት፤ እናቷ ግን እስካሁን ለጎረቤት ሕክምና ትማራለች እያሉ ይናገራሉ።) እንግዲህ በባዮሎጂ ጎበዝ ነኝ ብሎ መተማመን እንደማይበቃ ከወዲሁ ማወቅ ያሻል።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ፈተና የሚጠይቀው «ምን ያህል ታውቃለህ?» ብሎ ነው። «ለምን?» ብሎ የሚጠይቀው አንዱም የለም። አንድ ወጣት ይህን ጥያቄ ሳይጠየቅ ስድስት ሰባት ዓመት ተምሮ፥ በመጨረሻው ዓመት ሌሊቱን በተረኝነት ሲያድር፥ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ራሱን በራሱ ሲጠይቅ ይገኛል። ያን ጊዜ ግን ጥያቄው በጣም ዘግይቷል።

ወደ ውጭ የሚያመለክት ሰው ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም። የቱርክ መንግሥት ለውጭ አገር ተማሪዎች የሚሰጠውን ነፃ የትምህርት ዕድል ብንወስድ፥ ለሌላው ትምህርት 70 ከመቶ ሲበቃ ለጤና ትምህርት የሚያመለክተው 90 ከመቶ እንዲኖረው ይፈለጋል። ከነጥቡ በላይ ግን የፍላጎት መግለጫ ደብዳቤ ያስጽፋሉ፤ የመረጡትንም ለቃል ጥያቄ ይጠሩታል። በእንግሊዝ አገርም ያለ የአበሻ ልጅ ሕክምና መማር ቢፈልግ፥ በዓመት ከአራት ለማይበልጡ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ብቻ ያመለክታል፤ ቀነ ገደቡም ከአብዛኛው ትምህርት ቀድሞ በኦክቶበር 15፥ ማለት በጥቅምት 5 ቀን ነው። በዚያ አገር ረጅም ሆኖ ይጻፍ የነበረው የራስ መግለጫ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2026 ከሚገቡት ተማሪዎች ጀምሮ በሦስት ጥያቄዎች ተተክቷል። ይህን ትምህርት ለምን ፈለግኸው? የተማርኸው ትምህርት እንዴት አዘጋጀህ? ከትምህርት ቤት ውጭስ ለዚህ ነገር ምን ሠርተሃል? የሚሉ ናቸው።

እኛ ሦስተኛውን ጥያቄ ወደድነው። ለሰፈራችን ልጅም ይህንኑ አቀረብንለት።

«ምንም አልሠራሁም፤ ተማሪ ነኝ» አለን።

«በሽተኛ አስታመህ አታውቅም?»

«ኧረ አላውቅም። አያቴን ካልሆነ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመስማት አንድ ሰዓት ፈጀብን። ልጁ እስከ ዘጠነኛ ክፍል ያደገው ሸዋ ሮቢት አጠገብ ከአያቱ ጋር ነው። አያቱ የስኳር በሽተኛ ናቸው፤ በየቀኑ ኢንሱሊን ይወጋሉ። ቆላው እንደ ምድጃ የሚፋጅ ነው፤ በቤታቸውም ማቀዝቀዣ የለም። ኢንሱሊን ደግሞ ሙቀት ሲያገኘው ጉልበቱን ያጣል። ስለዚህ ልጁ የጤና ጣቢያው ነርስ እንዳሳየችው በትልቅ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ አሸዋ ይሞላል፤ በአሸዋው መካከል ትንሽ ማሰሮ ያስቀምጣል፤ ጠርሙሱን በላስቲክ ጠቅልሎ በትንሿ ውስጥ ያኖርና አፏን በእርጥብ ጨርቅ ይከድናል። አሸዋውን ጧትና ማታ ውኃ ያጠጣዋል። ውኃው በሸክላው ገላ እየተነነ ሲወጣ ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። ይህንኑ ነገር በኋላ በፊዚክስ መጽሐፉ ውስጥ ባየው ጊዜ «የእኛን ማሰሮ ጽፈውታል» ብሎ እንደ ሳቀ ነገረን።

ዋናው ችግር ግን ማሰሮው አልነበረም። አያቱ ጾም አያፈርሱም። በዐቢይ ጾም ጧት መርፌያቸውን ተወግተው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ ይቆያሉ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለስ ላብ አጥምቋቸው፥ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፥ ስሙን ጠርተው መጨረስ አቅቷቸው አገኛቸው። ራሳቸውን አልሳቱም ነበርና ስኳር በውኃ በጥብጦ ቀስ እያለ አጠጣቸው፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ተመለሱ። በማግሥቱ ለመናቸው፤ አልሰሙትም። ነርሷ ብትነግራቸውም አልሰሙም። ልጁ ያን ጊዜ ዐሥራ አራት ዓመቱ ነበረ፤ ብቻውን ወደ ንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄደ። ቄሱ ነገሩን ሰምተው ራሳቸው መጡና «ወለተ ማርያም፥ የታመመ ሰው ጾሙ መድኃኒቱ ነው፤ ጧት ትቀምሻለሽ» አሏቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አያቱ ጧት ይቀምሳሉ።

«ይህን ለምን በደብዳቤው ውስጥ አልጻፍህም?» ብንለው፥

«ይኸ እኮ የቤት ጉዳይ ነው፤ ምኑ ይጻፋል?» አለን።

እኛ ሐኪም አይደለንም። ነገር ግን በሽተኛን ማሳመን ያልቻለ ሐኪም የያዘው መድኃኒት ቢበዛ ምን እንደሚጠቅም አናውቅም። ያ ልጅ መርፌው፥ ምግቡና እምነቱ በአንድ ሰው ሰውነት ላይ እንዴት እንደሚገናኙ በዐሥራ አራት ዓመቱ አይቷል፤ አያቱ የማንን ቃል እንደሚሰሙም ዐውቋል። ይህ ሁሉ እያለው «የሰውን ልጅ በሙሉ» ስለ ማገልገል ይጽፍልናል።

ሊለየን ሲል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሌላ ነገር ጨመረልን። በስምንተኛ ክፍል ፈተና ሳምንት ጥናት ጠምዶት አሸዋውን ውኃ ሳያጠጣ ቀረ። የአያቱ ስኳር ከፍ አለ፤ ሁለት ቀን ጤና ጣቢያ ተኙ። መድኃኒቱ በእሱ ቸልታ እንደ ተበላሸ ያምናል፤ ለማንም ግን አልተናገረም። ይህንንም ጻፈው አልነው። «እሱማ ይጥለኛል» አለ። እኛም እውነቱን ለመናገር ትንሽ ፈራን። ማመልከቻ አንባቢዎች ሁሉ አስተዋይ ናቸው ብሎ መማል አይቻልምና። «እንግዲህ አንተ ወስን» ብለን ተለያየን።

ሌላም ነገር መክረነው ነበር። አንድ ሰው አያቱን ስላስታመመ ብቻ የሐኪምን ሥራ ያውቃል ማለት አይደለም፤ ስለዚህ በሰፈሩ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄዶ እንዲያይ ነገርነው። መጀመሪያ ዘበኛው መለሰው። በሁለተኛው ጊዜ ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ይዞ ሄደና ኃላፊዋ ቅዳሜ ቅዳሜ በካርድ ክፍል እንዲያግዝ ፈቀዱለት። በአራት ቅዳሜ ያየው ነገር ከጠበቀው የተለየ ነበር። ሰው ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ይሰለፋል። ሐኪሙ አብዛኛውን ጊዜውን የሚያጠፋው በመጠየቅና በመጻፍ ነው፤ በሲኒማ እንደሚታየው በመቅደድና በመስፋት አይደለም። በዚያ ያገኘው አንድ ወጣት ሐኪም ደግሞ ሳይሸሽግ አጫወተው። ተመርቀው ብዙ ወራት ሥራ ሲጠባበቁ የቆዩ ጓደኞች እንዳሉት፥ ደመወዙም ለቤት ኪራይ የሚተርፍ እንዳልሆነ ነገረው። በ2017 ዓ.ም. በግንቦት ወር የጤና ባለሙያዎች የደመወዛቸውን ነገር በአደባባይ አንሥተው እንደ ነበር አንባቢ ያስታውሳል። የልጁ እናት ይህን ሲሰሙ «ማን ነው ልጄን የሚያስፈራራብኝ?» ብለው ተቆጡ። እኛ ግን ሊያመለክት ያሰበ ሁሉ ይህን ከማመልከቱ በፊት ቢሰማው እንመርጣለን። ከሰማ በኋላም አመለክታለሁ ያለ ልጅ ማመልከቻው ይጠነክራል፤ የቃል ጥያቄ አቅራቢዎችም «ሥራው ከባድ መሆኑን ታውቃለህን?» ሲሉት ዓይኑን አያንከራትትም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጁ አዲሱን ደብዳቤ ይዞ መጣ። በማሰሮው ይጀምራል። የጾሙ ነገር አለበት። የፈተናው ሳምንትም አለበት፤ በሦስት አጭር ዐረፍተ ነገር፥ ያለ ምክንያትና ያለ ልቅሶ ተጽፏል። እኛ የነካነው ሁለት የፊደል ስሕተት ብቻ ነው።

ደብዳቤው አልቆ ሳለ የቀረው ጣጣ ከወረቀቱ ጋር ሆነ። የአያቱ ስም ካሳ በፓስፖርቱ ላይ በአንድ «ኤስ»፥ በትምህርት ማስረጃው ላይ በሁለት «ኤስ» ተጽፏል። የተወለደበት 2000 ዓ.ም. ደግሞ በተተረጐመው የልደት ወረቀት ላይ ወደ አውሮፓ አቈጣጠር ሳይለወጥ እንዳለ ገብቷል፤ ስለዚህ ልጁ በወረቀት ላይ ሰባት ዓመት ከምናምን አርጅቶ ይገኛል። የቱርኩ ማመልከቻ ብዙውን ጊዜ በጥር መጀመሪያ ተከፍቶ በየካቲት አጋማሽ ግድም ይዘጋልና እንደዚህ ያለውን ነገር በኅዳርና በታኅሣሥ መጨረስ ይሻላል። ልጁም ሰኞ በጧት የልደት ወረቀቱን ለማሳረም ይሄዳል። እናቱ አብሬ ካልሄድሁ ብለዋል፤ እዚያም ሰልፉ ላይ ቆመው «ዶክተሬ» እያሉ እንዳይጠሩት ለምኗቸዋል።