አንድ ስሎት ለአራት ዲስክ ይበቃልን?

በዶርማችን ግድግዳ ላይ ያለው ሶኬት አንድ ነው፤ እኛ ግን ስድስት ነን። ስለዚህ አንድ ዲቫይደር ገዝተን ስልኩንም፣ ላፕቶፑንም፣ ማታ ማታ ሻይ የሚፈላበትንም ምድጃ በእርሱ ላይ እንሰካለን። (ፕሮክተራችን ይህን ጽሑፍ ካነበቡት፣ ምድጃው የሌላ ክፍል መሆኑን ይወቁልን።) ዲቫይደሩ ማንንም ሳያስፈቅድ የተሰካበትን ሁሉ ወዲያው ያሠራል።

ያሳሳተንም ይኸው ልማድ ነው። በኮምፒዩተር ማዘርቦርድ ላይ ያለውን ስሎት፣ ማለት ያንን ረጅም የካርድ መሰኪያ፣ እንደ ሶኬት ቈጥረን፣ አካፋይ ካርድ ብንሰካበት አራት ዲስክ ይሸከምልናል ብለን አሰብን። ከባቱም ከሻሸመኔም የሚመጡ ጓደኞቻችን ይህንኑ ጉዳይ ስለሚጠይቁን፣ ገንዘባቸውን ሳያወጡ ያነቡት ዘንድ የደረሰብንን እንጽፋለን።

አራት ሆነን የመመረቂያ ሥራ እንሠራ ነበር። ሥራውም በመቂና በባቱ አካባቢ የሚበቅለውን የቲማቲም ቅጠል በፎቶግራፍ አይቶ የታመመውን ከጤነኛው የሚለይ ፕሮግራም ማዘጋጀት ነው። ያነሣነው ፎቶግራፍ በየግላችን ኤስኤስዲ ዲስክ ተበታትኖ ስለ ነበር፣ አራቱን ዲስክ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ለማሰባሰብ ፈለግን። የተሰጠን ኮምፒዩተር ግን ረጅም ስሎቱ አንድ ብቻ ነው። ገንዘብ አዋጥተን አራት መቀመጫ ያለው ካርድ ገዛን፤ ዲስኮቹን አስቀምጠን ሰካነው፤ አበራነው። የታየው ዲስክ አንድ ብቻ ሆነ።

ካርዱን ወደ ሸጠልን ሰው ብንሄድ፣ «ካርዱ ደኅና ነው፤ ዲስኮቻችሁ ሞተዋል፤ ሌላ ግዙ» አለን። ከመካከላችን አንዷ የሦስት ወር ፎቶግራፏን ያስቀመጠችው በዚያ ዲስክ ላይ ብቻ ነበር፤ ያን ዕለት ራት ሳትበላ ተኛች። ዲስኮቹ ግን አንዳቸውም አልሞቱም ነበር።

ምክንያቱን ለመረዳት ስሎቱ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ፒሲአይ ኤክስፕሬስ የሚባለው ሥርዐት እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ነው። ረጅሙ ስሎት 16 መሥመር አለው፤ እያንዳንዱም መሥመር ሁለት ጥንድ ሽቦ ነው፤ አንዱ ጥንድ ይልካል፣ ሌላው ይቀበላል። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው በሦስተኛው ትውልድ አንዱ መሥመር በሴኮንድ ወደ 1 ጊጋባይት ገደማ ያስተላልፋል። ኤንቪኤምኢ የተባለው ፈጣን ዲስክ የሚፈልገው 4 መሥመር ነው። እንግዲህ 16 ለ4 ሲካፈል 4 ይሆናል፤ ሒሳባችን ልክ ነበር። የጐደለው ሌላ ነው።

ከአዳማ ወደ ወንጂ ወርዶ የሸንኮራውን እርሻ ያየ ሰው ነገሩን በቶሎ ይረዳዋል። ወንጂ ላይ የሆላንዱ ኩባንያ ኤችቪኤ የመጀመሪያውን የስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ካስጀመረ ወዲህ፣ ያ ሸንኮራ የሚጠጣው የአዋሽን ውኃ ነው። ውኃው በዋናው ቦይ ይመጣና ወደየቅርንጫፉ ይከፈላል። አንድ ሰው በማሳው ጫፍ አራት ቦይ ስለ ቈፈረ ብቻ ውኃ አያገኝም፤ ከላይ፣ ከመክፈያው ላይ ያለው መዝጊያ ለአራቱም መከፈት አለበት። እኛ የገዛነው ካርድ የተቈፈረ ቦይ ብቻ ነበር።

መዝጊያው ያለው በፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው። ትእዛዙን የሚሰጠው ደግሞ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሠራው ባዮስ ነው። ባዮስ ሌላ ነገር ካልተነገረው፣ 16ቱም መሥመር የአንድ እንግዳ ነው ብሎ ይነሣል። ይጣራል፤ በመጀመሪያዎቹ 4 መሥመሮች ላይ ያለው ዲስክ «አቤት» ይላል፤ ከእርሱ ጋር ይስማማና ጉዳዩ በዚያው ያልቃል። የቀሩት 12 መሥመሮች የሚያነጋግራቸው የለም። 16ቱን መሥመር ከፋፍሎ ለየብቻ እንዲጣራ ማዘዝ ባይፈርኬሽን ይባላል።

ከውኃው የሚለየው አከፋፈሉ እንደ ልብ አለመሆኑ ነው። የተለመዱት 8 እና 8፣ 8 ከ4 ከ4፣ ወይም አራት ጊዜ 4 ናቸው። የእኛ ቦርድ፣ ባዮሱን ከፍተን ብንፈልግ፣ የሚያውቀው 8 ከ4 ከ4 የሚለውን ብቻ ሆነ። ይህንኑ መርጠን ብናስነሣው ሦስት ዲስክ ታየ፤ አንደኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው መቀመጫ ላይ ያሉት። ሁለተኛው መቀመጫ ከአንደኛው ጋር በዚያው በ8ቱ መሥመር ውስጥ ስለሚወድቅ ጨለማ ሆኖ ቀረ። ያንን ዲስክ ወደ አንደኛው መቀመጫ ብናዛውረው ፎቶግራፉ ሁሉ ተገኘ። ስለዚህ አልታይ ያለ ዲስክ ሞቷል ከመባሉ በፊት መቀመጫው ይለወጥ።

የትኛው ኮምፒዩተር ምን ይችላል? ከ6ኛው እስከ 10ኛው ትውልድ ያሉት ተራዎቹ የኢንቴል ኮር ፕሮሰሰሮች ቢበዛ 8 ከ4 ከ4 ነው የሚከፍሉት፤ ከ12ኛው እስከ 14ኛው ያሉት ደግሞ 8 እና 8 ብቻ። ይህም ቢሆን ኤች እና ቢ በሚል ፊደል የሚጀምሩት ርካሽ ቺፕሴቶች አብዛኛውን ጊዜ ይከለክሉታል፤ ዜድ የሚባሉት ይፈቅዳሉ። ዋጋ ለመለየት ሲባል የተዘጋ በር ነው እንላለን። የኤኤምዲ ራይዘን ቦርዶች ብዙዎቹ አራት ጊዜ 4 ይከፍላሉ። ለተማሪ የሚሻለው ግን ያገለገለ ዎርክስቴሽን ነው፤ ዜዎን ኢ5 ፕሮሰሰር ያለው 40 መሥመር አለው፤ ኤችፒም ራሱ ዜድ 440ን ለመሳሰሉት ማሽኖቹ አራት ዲስክ የሚይዝ ካርድ ሠርቶ ሸጧል። የስሎቱ ርዝመትም አያታልል፤ ረጅም ሆኖ 4 መሥመር ብቻ የተዘረጋለት ስሎት ብዙ ነው።

ባዮሱ ፈጽሞ እንቢ ካለ ሌላ መንገድ አለ፤ ስዊች የሚባል ቺፕ በላዩ ያለው ካርድ። እርሱ ከባዮስ ፊት አንድ እንግዳ መስሎ ይቀርብና ከኋላው ያሉትን ዲስኮች ራሱ ያስተናግዳል። ይሠራል፤ ዋጋው ግን የእኛን ኪስ አያውቅም።

ስለ ኃይልም አንድ ነገር እንበል። ስሎቱ የሚሰጠው ቢበዛ 75 ዋት ነው፤ ሲከፋፈል አይጨምርም። ዲስኮቹ የሚሠሩት በ3.3 ቮልት ሲሆን ስሎቱ በዚህ ቮልት የሚሰጠው 10 ዋት ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ ደኅና የተሠራ ካርድ 12 ቮልቱን ወደ 3.3 የሚለውጥ ክፍል በላዩ አለው። ሁለት ግራፊክስ ካርድ ለመሰካት ያሰበ ሰው ደግሞ ለየራሳቸው ከፓወር ሰፕላዩ ገመድ ይሳብላቸው። በአዳማ ሙቀትና አቧራ ተጠጋግተው የተቀመጡ አራት ዲስኮች ቶሎ ይግላሉ፤ ሲግሉም ራሳቸው ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። እኛ ትንሽ ፋን አስረንላቸዋል።

ለመግዛት ያሰበ ሁሉ አስቀድሞ የራሱን ባዮስ ከፍቶ ስለ ስሎቱ የተጻፈውን ገጽ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ይያዝ። በዚያ ላይ አራት ጊዜ 4 የሚል ምርጫ ካላየ ካርዱ ያለበትን ሱቅ አይርገጥ።

የቲማቲሙ ፎቶግራፍ አሁን በሁለት ዲስክ ላይ ተገልብጦ ተቀምጧል። አራተኛው ዲስክ በመሳቢያ ውስጥ ነው፤ የካርዱም ሁለተኛ መቀመጫ እስከ ዛሬ ባዶ ነው።