ጢስ ያለው መለኪያ

ፒያሳ ግሮሰሪ ውስጥ ውስኪ ያዘዘ ሰው ብዙ ጊዜ በረዶ አስሞልቶ፣ አምቦ ውሃ ጨምሮበት ይጠጣል። ለተራው ውስኪ ግድ የለም። ብዙ ዓመት በበርሜል ለቆየ፣ ጢስ ጢስ ለሚል የስኮትላንድ ሲንግል ሞልት ግን ያሳዝነኛል፤ ያ ሁሉ ገንዘብ የተከፈለበትን ሽታ ቅዝቃዜው ያፍነዋል።

ሲንግል ሞልት አንድ ፋብሪካ ከገብስ ብቅል ብቻ ጠምቆ፣ በመዳብ ማሰሮ የሚያወጣው ውስኪ ነው። በኦክ በርሜል ቢያንስ 3 ዓመት ሳይቆይ ስኮች ተብሎ እንዳይሸጥ ሕግ ይከለክላል። ጢሱ የሚመጣው ከፒት ነው። ፒት በረግረግ መሬት ለሺህ ዓመታት የተከማቸ የዕፅዋት ብስባሽ ሲሆን፣ ተቆርጦ ሲደርቅ እንደ ኩበት ይነዳል። አይላ በምትባለው ደሴት እርጥቡን ብቅል በዚህ ጢስ ያደርቁታል።

አራዳ ላይ ጠላ የቀመሰ ሰው ለዚህ ባዳ አይደለም። ብቅሉንም ያውቀዋል፣ ጢሱንም። የእኛዋ ጠማቂ ግን የምታጥነው ዕቃውን ነው፣ በወይራ፤ እነሱ የሚያጥኑት እህሉን ነው። ብቅሉ ውስጥ የገባው ጢስ አረቄው ሲወጣ አብሮ ተንኖ ያልፋል። ከሽታዎቹ አንዱ ጓያኮል ይባላል፤ እንጨት ሲነድ ይወጣል፣ በተቆላ ቡናም ውስጥ አለ። በቶሞካ ቡና ቤት በር ያለፈ አፍንጫ ሳያውቀው ተለማምዶታል።

ዕድሜ ጢሱን ያለዝበዋል፤ ከሥሩ የበርሜሉ ጣፋጭነትና የፍራፍሬ መዓዛ ብቅ ይላል። በየዓመቱም ከበርሜሉ ወደ 2 በመቶ ገደማ ይተንናል። አሮጌው የሚወደደው አንድም በዚህ ነው። የአይላው ፖርት ኤለን እ.ኤ.አ. በ1983 ተዘግቶ እስከ 2024 ሳያመርት ስለቆየ፣ ከመዘጋቱ በፊት የተጠመቀው እጅግ ብርቅ ሆኗል። ለጀማሪ የ16 ዓመቱ ላጋቩሊን ይበቃል።

አፉ ጠበብ ባለ ብርጭቆ ጥቂት ይቀዳ። አፍንጫን ሳይነክሩ፣ ከንፈርን ከፈት አድርጎ ማሽተት ነው። የመጀመሪያው ጉንጭ ምላስን ለማስለመድ ብቻ ነው፤ አልኮሉ ስለሚያቃጥል በእሱ መፍረድ አይገባም። ከሁለተኛው በኋላ ጥቂት ጠብታ ንጹሕ ውሃ ይጨመር። እ.ኤ.አ. በ2017 የስዊድን ተመራማሪዎች በኮምፒውተር እንዳሳዩት፣ ውስኪው በውሃ ሲቀጥን ጓያኮል ወደ ላይኛው ገጽ፣ ማለትም ወደ አፍንጫ ይቀርባል። ከዋጡ በኋላ አይቸኩሉ፤ ጢሱ አፍ ውስጥ ይቆያል።

ሁለት ሦስት ዓይነት የሚቀምስ ጢስ የሌለበትን ያስቀድም። ጢሰኛው ከቀደመ የሌላው ጣዕም አይለይም።